የአባባ ሁለት ሚሊሜትር

ምን ዓይነት ጣጣ ነው! በምሠራበት የሜትሮሎጂ ቢሮ የአርባ ዓመት የዝናብ መዝገብ ፊቴ ተዘርግቷል። የአገሩ ጣቢያ ሁሉ የበልግ ዝናቡ ከዓመት ዓመት ሲያሽቆለቁል፣ አባቴ ዝናብ እየለኩ የሚልኩበት ጣቢያ ብቻ ንቅንቅ አይልም። እህቴ ደግሞ በጠዋቱ ደውላ «ምንጩ ደረቀ፣ ከብቶቹን ልንሸጥ ነው» እያለች አልቅሳብኛለች። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈረው ዝናቡ ለቀነሰበት ወረዳ ነው፤ ዝርዝሩ ነገ ይጸድቃል። በእኔ ሠንጠረዥ ግን የአባቴ ጣቢያ ያለበት የእህቴ ወረዳ ምንም አልጎደለበትም።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለት ሚሊሜትር፣ ሦስት፣ እንደገና ሁለት። ለአሥራ አራት ዓመት፣ በየበልጉ፣ በየአምስት ቀኑ። ዝናብ በቀጠሮ ይመጣል እንዴ? ደሜ ፈላ። በስልክ የሚሆን ነገር አልነበረምና የሦስት ሰዓት መንገድ ነድቼ ሄድኩ።

አባባን ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ መለኪያው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላም እንኳ በወጉ አላልኳቸውም።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ሁለት ሚሊሜትር ከየት መጣ?»

«ከሰማይ ነዋ!»

«በየአምስት ቀኑ?»

አንገታቸውን ደፉ። «መለኪያው ባዶ ነበር» አሉ። «ወር ሙሉ ጠብ አይልም።»

«ታዲያ ዜሮ አይጽፉም? ዜሮም እኮ ልኬት ነው! እህቴ ውኃ አጥታ እርስዎ ወረቀት ላይ ያዘንባሉ? ጉድ ሠሩን እኮ!» በሰባ ዓመት ሽማግሌ ላይ ጮህኩ።

አባባ ወደ ቤት ገብተው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዘው ወጡ። የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም አለባት። «ወር ሙሉ ዜሮ መላክ ሥራን አለመሥራት ነው። ካልታረመ ጣቢያው ይዘጋል» ትላለች። ከሥሯ ፊርማዬ አለ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ አዲስ ባለሙያ ሆኜ ደረቴን በነፋሁበት ሰሞን፣ ለማን እንደሚሄድ እንኳ ሳላይ የፈረምኩት ነው።

«ልጄን በመሥሪያ ቤቱ እንዳላሳፍረው ብዬ ነው» አሉ አባባ።

የምገባበት ጠፋኝ። እዚያው ቆሜ ለአለቃዬ ደወልኩ፤ የጣቢያው ቁጥር በእኔ ደብዳቤ የተነሳ የተሳሳተ ነው፣ ወረዳው ግን በእውነት ደርቋል ብዬ ለመንኩት።

«ቁጥሩ ከተሳሳተ እንሰርዘዋለን» አለኝ። «ግን መረጃ የሌለውን ወረዳ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም።» ዘጋው።

ዞር ስል እህቴ ባዶ ጄሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።