ሦስት ቅዳሜ ከኋላ

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ ልጆቼ፣ የአንዲት ነርስ ነገር ልንገራችሁ።

ባሏ በያጅ ነው። አንድ ቀን፣ "ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል አደርስሻለሁ፣ ከአውቶብስ ግፊያ ትገላገያለሽ" አላት።

ሦስት ቅዳሜ በየሞተር መሸጫው ይዟት ዞረ። ጉልበታቸው መካከለኛ የሆኑትን፣ ሞተራቸው ያለ ሽፋን የሚታዩትን፣ ዋጋቸውም የማይጎዳውን እየመረጡ አወዳደሩ። እሱ ሲነዳ እሷ ከኋላ ሆና ትፈትናለች። የመጀመሪያው ባቷን በሙቀት ጠበሳት። ሁለተኛው ጥርሷን አንገጫገጨው። ሦስተኛው ግን ወንበሩ ሰፊ፣ የእግር መርገጫውም ለእሷ የተለካ ይመስል ነበር።

"ይኼ ነው የኔ ጌታ።"

"አንቺ ካልሽ አለቀ።"

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ አንድ ሞተር ቆሟል። አይታው የማታውቀው አራተኛ ነው፤ ጅራቱ እንደ ተርብ የሾለ፣ የኋላ ወንበርም መርገጫም የሌለው።

"እኔ የት ልቀመጥ ነው?"

"ይኼ እኮ ይበራል። አንቺ ደግሞ አውቶብሱን ለምደሽዋል።"

"ታዲያ ሦስት ቅዳሜ ለምን ብለህ ወሰድከኝ?"

ሳቅ አለ። "ብቻዬን ሲያዩኝ ሻጮቹ ለሙከራ ቁልፍ አይሰጡኝም። ሚስት ከኋላ ካለች ያምኑኛል።"

ለካ መያዣ ሆና ነው የዞረችው! የታጠፈ ጋውኗን ፈታ እንደገና አጠፈችው።

በሳምንቱ፣ "ወንድሜም ሊገዛ ነው፤ አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አብረሽው ዙሪ" አላት።

"ወንድምህ መጀመሪያ ያግባ" አለችው።

ልጆቼ፣ ሰው አማክሮ ምክሩን መተው ይቅር ይባላል። ያመናችሁን ሰው መታመኛ አድርጎ ማዞር ግን ሆድ ያሻክራል። ይህቺን አደራ አትርሱብኝ።