የተመረቀ አጥር

ይች ልጅ ዛሬ በየት በኩል ትመጣ ይሆን?

ፀሐይ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ወርዳለች። የልጅ ልጄ ሃኒ ከቢሮ የምትወጣበት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ድሮ ቢሆን እንዲህ ብዬ አልጠይቅም ነበር፤ መንገዱ አንድ ነዋ። ከገበያው ጥግ ተነስታ በቤቶች መካከል የምታልፍ ቅያስ ነበረች፤ ሸክም የያዙ ሁለት ሴቶች የማይተላለፉባት ጠባብ። ጠባብ ትሁን እንጂ ግራና ቀኟ ደጃፍ ነው። አንዷ እህል ታሰጣለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዱ ሽማግሌ በርጩማውን አውጥቶ ዳዊት ይደግማል። ሴት ልጅ ብትጮህ ያ ሁሉ በር ይከፈታል።

አሁን በቅያሷ አፍ ላይ የአዲሱ መናኸሪያ የድንጋይ አጥር ቆሟል። ከገበያ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣ ሰው ወይ በአስፋልቱ ከተማውን ሙሉ ይዞራል፣ ወይ ወንዝ ለወንዝ በባሕር ዛፉ መካከል ያቋርጣል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የዋለች ሴት፣ ያልተሸጠ ሽንኩርቷን አዝላ አስፋልቱን አትዞርም። በባሕር ዛፉ ነው የምትመጣው።

ስለዚህ እኔ በዚህ ሰዓት ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ኮሽታ በሰማሁ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ።

ከተማችን ጥድ ሜዳ ትባላለች፤ ከማርቆስ ወደ አማኑኤል ሲሄዱ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እኔን ሰው እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ይለኛል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቆብ ደፍቻለሁ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ጋዜጣም ዳዊትም አነባለሁ። የሃኒ እናት አንድ ልጄ ነበረች። ቤሩት ለሥራ ብላ ሄዳ በሣጥን ተመለሰች። ሃኒ ያን ጊዜ ገና ትድህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያችን ልጅ ከዓይኔ አላወጣኋትም። ማርቆስ ገብታ የከተማ ፕላን ስትማር እንኳ ስንቅ እያመካኘሁ እየሄድሁ አያት ነበር። ጨርሳ እዚሁ ከተማችን ፕላን ክፍል ስትቀጠር እልል አልሁ፤ አጠገቤ ልትሆን ነው ብዬ።

አምና ነው፤ አዲስ ፕላን መጣ ተባለ። ገንዘቡን የሚሰጠው አንድ የዓለም ድርጅት ነው። ሃኒ ራት ላይ ስታስረዳኝ ጉርሻዋን ረስታው ነበር።

«እምዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሕግ አላቸው። የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የተስማሙበት ነው። ሴቶች ያልመከሩበት ፕላን ገንዘብ አያገኝም።»

«የዓለም መንግሥታት የእኛን የብርጓል በምን አወቋት?» አልኋት።

«እሷን አያውቋትም። እንድትጠየቅ ግን ያዝዛሉ።»

የብርጓል ጎረቤታችን ናት፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ባል የላትም። መቅዲ የምትባል አንድ ሴት ልጅ አለቻት፤ በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ እናቷን የምታግዝ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ።

በአንዱ እሑድ ሃኒ ሴቶቹን እኛ ቤት ሰበሰበቻቸው። ካርታ ዘረጋች። ካርታው ግን ለሁላችንም ግራ ሆነብን፤ የቱ ቤት የቱ መንገድ እንደሆነ ማን ይለየው? ይህን ጊዜ ሰፌዴን ከግድግዳ አወረደችና ባቄላውን ቤት፣ የገብሱን መስመር መንገድ አድርጋ ደረደረችው።

ገበያው ጥግ ቅመም የምትሸጠው ነፊሳ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «የኔ ቤት ይች የነቀዘችው ናት እንዴ? በአላህ፣ ደህናዋን አድርጊልኝ!» አለች።

«ደህናዋማ የአቶ ቢተው ቤት ናት» አለቻት የብርጓል። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ቢተው ፕላኑን የሚመራው ሰውዬ ነው።

ሲስቁ ቆዩና ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ቅያሷ እንዳትዘጋ፣ መብራት እንዲተከልባት፣ ገበያው ውስጥ ደግሞ በር ያለው ሽንት ቤት እንዲሠራ ቢሮው በሚጠራው ስብሰባ ላይ ሊጠይቁ ተስማሙ።

«እኔ እኮ በገበያ ቀን ውኃ አልጠጣም» አለች የብርጓል። «ወንዱ አጥር ሥር ይቆማል። እኔ የት ልሂድ?»

ማንም አልሳቀም። ሃኒ፣ «ይህንኑ ነው ስብሰባው ላይ የምትናገሪው። እንዳለ። እስክትጨርሺ አትቀመጪ» አለቻት።

ስብሰባው አዳራሽ ነበር የተጠራው። እኔም ሄድሁ፤ ሃኒ አትምጪ ብትለኝም አስችሎኝ ቤት ልቀመጥ አልቻልሁም። በእኛ አገር ሴቶች ስብሰባ ላይ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ያን ቀን ግን አስተናጋጆቹ እያዋከቡ ከፊት ደረደሩን።

«ምነው ዛሬ ከፊት? ልንዳር ነው እንዴ?» አለች ነፊሳ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ፎቶ ሊያነሱን ነው» አለች አንዷ ከኋላችን።

አቶ ቢተው ብዙ ተናገረ። መናኸሪያ፣ አስፋልት፣ የዘመነ ገበያ። በመጨረሻ፣ «ሴቶቻችን አስተያየት ካላችሁ» አለ፤ ሰዓቱን እያየ። የብርጓል ተነሳች። ስለ ቅያሷ ተናገረች፣ ስለ መብራቱ ተናገረች፣ ስለ ሽንት ቤቱ ስትጀምር ግን ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተነሳ።

«እናቴ፣ እሱን ዝርዝር በኋላ እናየዋለን፤ ተቀመጪ» አላት አቶ ቢተው።

የብርጓል ልትቀመጥ ስትል ሃኒ ከሠራተኞቹ መካከል ብድግ አለች። «አቶ ቢተው፣ አልጨረሰችም።»

«ወይዘሪት ሃኒ፣ አንቺ የቢሮው ሠራተኛ ነሽ ወይስ የነሱ ጠበቃ?»

«ሴቶቹ ካልተናገሩ ስብሰባው ስብሰባ አይደለም። ይህንንም ጽፌ ለድርጅቱ እልካለሁ።»

አቶ ቢተው ዞር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ባለ ጠመንጃ አየው። ምን ብሎ እንዳየው አላውቅም፤ ምናልባት እንዲሁ ነው ያየው። ዘመኑ ግን እንዲህ ያለ ነው፤ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ለምን እንደተያዘ ሳይታወቅ ይከርማል። እኔ የታየኝ የእናቷ ሣጥን ነው። ነፊሳ ለመናገር ተነስታለች፣ ሌሎቹም እየተነሱ ነው፣ ሃኒ እጇን አንስታ፣ «በተራ፣ በተራ» ትላለች፤ ሰውዬው ፊቱ ጠቁሯል።

ከዚያ አቶ ቢተው ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «እማሆይ፣ ነገሩ ሳይከር መርቁንና እንነሳ» አለኝ።

ተነሳሁ። እጄን ዘረጋሁ።

«እግዚአብሔር የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ» አልሁ።

«አሜን!»

«ከተማችንን በሰላም ያኑርልን። ክፉውን ያርቅልን።»

«አሜን!»

ቆብ የደፋች አሮጊት ስትመርቅ ማን አፉን ይከፍታል? የቆሙት ሴቶች እንደቆሙ እጃቸውን ዘረጉ። ነፊሳ ሳትቀር ዘርግታ «አሚን» አለች። ምርቃት ካለቀ ስብሰባውም አለቀ፤ ከዚያ በኋላ መናገር ነውር ነው። ፎቶ አንሺው ብልጭ ብልጭ አደረገ። ስንወጣ የብርጓል ትከሻዬን ስማኝ ሄደች። ሃኒ ግን ከሠራተኞቹ ጋር ቆማ ቀረች፤ ቤት ስትገባም አልተናገረችኝም። በሰላም ገብታለች፤ እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር።

ፎቶውን አሳድገው ቢሮው መግቢያ ላይ ሰቅለውታል፤ ሄጄ አይቸዋለሁ። እኔ መሃል ላይ ቆሜአለሁ። ዙሪያዬን ሴቶቹ ሁሉ እጃቸው ወደ ላይ ነው። ከሥሩ «ሴቶች ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቁ» ይላል። ይኸው ፎቶ ለዓለም ድርጅቱ ተላከ፤ ገንዘቡ መጣ፤ ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ተገነባ።

መቅዲ የተጎዳችው በጥር ነው። እናቷ ሒሳቧን እስክትጨርስ ባዶ ጆንያዎቹን ይዛ በባሕር ዛፉ በኩል ቀድማ ወጣች። ገና ጨርሶ አልጨለመም ነበር። ቤት የደረሰችው አንድ እግሯ ባዶውን ነው። ጆንያዎቹን ግን አልጣለቻቸውም፤ ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛቸዋለች። ጩኸቷን የሰማ የለም፤ ማን ይሰማል እዚያ? የሚታማ አለ፤ የተያዘ የለም። መቅዲ ትምህርቷን ተወች። ሰው ሲገባ ከመጋረጃው ጀርባ ትሄዳለች። እኔ ጠበል ወስጄላት ነበር፤ ስኒውን ተቀብላኝ፣ ሳትጠጣው፣ ስኒውን ስታይ ቆየች።

ኮሽታ ሰማሁ። ሃኒ ናት፤ ተመስገን።

ጫማዋን ሳይ ግን ጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፎበታል።

«በዚያ ነው የመጣሽው? ስንት ጊዜ ልንገርሽ? በአስፋልቱ ዙሪ አላልሁም?»

«ሌሎቹ በየት ይመጣሉ እምዬ?»

«ሌሎቹን ተይልኝ። እኔ ሌላ የለኝም።»

በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ነገ የድርጅቱ ሴትዮ ትመጣለች» አለችኝ። «ሁለተኛው ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት ሴቶቹን ራሷ ልትጠይቅ ነው። የማስተረጉመው እኔ ነኝ። አጥሩ በር ይውጣለት፣ ቅያሷ ትከፈት ብትል እንቢ ሊሏት አይችሉም፤ ገንዘቡ በሷ ፊርማ ነው የሚለቀቀው።»

«እሰይ። ንገሪያታ ታዲያ።»

«እኔ የማስተረጉመው ሴቶቹ ያሉትን ነው። እነሱ ደግሞ አይናገሩም። አሁን ከየብርጓል ቤት ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ገበያ አልወጣችም። ‘እማሆይ የመረቁትን እኔ አፈርሳለሁ? ልጄ ላይ የደረሰው አንሶኝ?’ ነው ያለችኝ። ነፊሳም፣ ‘እሳቸው ይቅደሙ፣ እኔ እከተላለሁ’ ትላለች። ሁሉም አንቺን ነው የሚያዩት።»

ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ። ተነስቼ ድስቱን መክፈት ጀመርሁ። «ራት ላቅርብ፣ ርቦሻል።»

«እምዬ፣ ተቀመጪ።»

«ምርቃት ተመልሶ አይነሳም ሃኒ። ቆቤን አታዋርጂው።»

«ምርቃቱን አንሺ አላልሁሽም። ለምን እንደመረቅሽ ብቻ ተናገሪ። ‘ፕላኑን ማጽደቄ አልነበረም፤ ጠብ እንዳይነሳ ነው’ በያት። በቃ።»

«ለምን እንደመረቅሁማ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ አውቃለሁ። የብርጓል አታውቅም።»

ክዳኑን መልሼ ከደንሁት።

«አቶ ቢተውስ?» አልኋት። «እሱ ፊት ነው የምናገረው? ፈረንጇ ማታ ወደ አገሯ ትሄዳለች። እሱ እዚሁ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በሰበብ ቢያሲዝሽ የት ሄጄ አቤት እላለሁ? የዓለም መንግሥታት ናቸው መጥተው የሚያስፈቱልኝ?»

«ላይመጡ ይችላሉ» አለች ሃኒ። መዋሸት አትችልም፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ያሳደግኋት።

«እኮ።»

«መቅዲ እንኳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ‘እማሆይ ይመጣሉ?’ ብላ ጠየቀችኝ እምዬ። ከጥር ወዲህ ድምጿን ስሰማ ዛሬ ነው።»

ያችን ልጅ እወዳታለሁ፤ በክርስትናዋ ቀን ያቀፍኋት ልጅ ናት። ግን አንዲት ልጅ አስቀድሜ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ የምቀብርበት ጉልበት የለኝም። ይህን ልላት ነበር። ሌላ ነገር ነው ከአፌ የወጣው።

«ነገ አሟታል በያቸው» አልሁ። «ራሴንም እያመመኝ ነው።»

ሃኒ አየችኝ። እንድትቆጣ ጠበቅሁ። ብትቆጣ እቆጣታለሁ፤ ብታለቅስም አቅፋታለሁ፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አንስታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰፌድ ወሰደችው፤ ከዚያ ወደ በሩ።

ዛሬ የገበያ ቀን ነው። ከወንዙ በኩል የሴቶች ድምፅ መጣ። ተጠጋግተው እንደሚሄዱ ያስታውቃል፤ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ፈሪ ሰው እንደሚያወራው። ጨለማው ግን ከነሱ ቀድሞ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቷል።

«ሃኒ፣ ተቀመጪ» አልኋት። «ልጄ፣ እባክሽ ራትሽን ብዪ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ ባትሪውን ከሚስማሩ አወረደች፤ በሩን ከፍታ ሴቶቹን ልትቀበል ወጣች።