የኋላ ወንበር

«ያዢኝ እንጂ አትጎትቺኝ» አሉ አማቷ፣ ግማሽ አካላቸው መኪናዋ ውስጥ ግማሹ ውጭ እንደሆነ። «ጆንያ አይደለሁም።»

«አልጎተትኩም እማዬ። እግርዎን ነው የደገፍኩት።»

«እግሬን ተይው። እሱ እንደሆነ ከማንም አይስማማም።»

ቀኝ እግራቸው፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከጉልበቱ እምብዛም የማይታጠፈው፣ በኋለኛው በር ላይ እንደ አጣና ተጋድሞ ቀረ። መቀመጡ አልከበዳቸውም ነበር። ሳይጎነበሱና ሳይንጠራሩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበሩ ላይ አርፈዋል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ የፊተኛው ወንበር ጀርባም ቅርብ ነው። እግራቸውን ወደ ውስጥ ሊያዞሩ ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከወንበሩ ጋር ተጋጨና ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ትንሽ ወደ ውስጥ ጠጋ ቢሉ፣ በሞቴ» አለ ሻጩ፣ መስታወት የሚወለውልበትን ጨርቅ እንደያዘ። በመኪና መሸጫው ግቢ አጣቢውም ደላላውም «በሞቴ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ያለዚህች መሐላ የሚጨርሰው ነገር ስለሌለ።

«ሞትህን እዚያው ያዝልን ልጄ» አሉት አማቷ። «እኛ ቤት በቅርቡ መጥቶ ሄዷል።»

ሻጩ ጨርቁን አጣጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው። እሷ የአማቷን ተረከዝ በመዳፏ ይዛ እግራቸውን በቀስታ ወደ ውጭ መለሰችው፤ ወልቆ የነበረውን ጫማቸውንም አጠለቀችላቸው።

ባሏ ካረፈ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች የሚኖሩት እሱ በሠራው ቤት ነው፤ እናቱና ሚስቱ። ትቶላቸው የሄደው መኪና ዝቅ ያለች አሮጌ የቤት መኪና ናት። አማቷ መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው ነበሩ፤ ለመውጣት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መንገድ ድንጋያማ በመሆኑ የመኪናዋ ሆድ በየዕለቱ ይፋቃል። ሐኪሙ ጉልበታቸው እንዳይደርቅ በሳምንት ውስጥ ደጋግመው ለእንቅስቃሴ ሕክምና ይምጡ ብሏል። በሁለተኛው ሳምንት አማቷ ከሕክምናው ይልቅ መንገዱን መፍራት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀሩ።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ይህን ሰምታ ደወለች። የእሷ ቤት ምድር ላይ ነው፤ ሆስፒታሉ ከበሯ ፊት ለፊት ነው። «የሚሆን መኪና ካልተገኘ እስከ ወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስድሻለሁ እማ» አለች።

«ትውሰደኝ» አሉ አማቷ ስልኩን ዘግተው፣ ክር አቀብይኝ እንደማለት በቀለለ ድምፅ። «ምን ቸገረኝ። አንቺም ታርፊያለሽ።»

አላርፍም ማለት ነበረባት። አላለችም። እናትና ልጅ ያደረጋቸው ሰው ከመካከላቸው ወጥቷል፤ ታዲያ በምን ስም አይሂዱ ትበላቸው? የወለዷት ልጅ በክብር እየጠራቻቸው ሳለ፣ ከድንጋያማ መንገድ ዳር ካለ ቤት ጋር ታስራቸው? ስለዚህ ያን ትታ ስለ መኪና መጠየቅ ጀመረች።

የምትሠራው ክሊኒክ ውስጥ፣ በላቦራቶሪ ነው። የደም ናሙናው በማሽኑ ተሽከርክሮ እስኪያበቃ ባልደረቦቿን ትጠይቃለች። አንዷ «ትንንሾቹን ኤስዩቪዎች እይ፤ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ለማቆም አያስቸግሩም» አለቻት። ካሸሩ «የአንበሳ ቆዳ የለበሱ ድመቶች ናቸው፤ ቁመት እንጂ ጉልበት የላቸውም» አለ። የጥበቃው ሠራተኛ ጭራሽ ስለ መኪናው ትቶ፣ ሴት ብቻዋን መኪና ስትገዛ ምን ያህል እንደምትታለል ይነግራት ጀመር። ሁሉንም ሰማች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አማቷን ይዛ በየግቢው ዞረች።

አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነው የሚመጡት። የወንበሩን ከፍታ ከመሬት ይለካሉ፤ ከዚያ ሜትሩን ወደ ራሳቸው ዳሌ ያስጠጋሉ። የበሩን ስፋት ይለካሉ። አንዷ ረዘመች፣ አንዷ አጠረች፣ አንዷ እንደ ጠባብ ቀሚስ ወገብ ላይ ያዘች። እሷም አጠገባቸው ቆማ የሜትሩን ጫፍ ትይዝላቸዋለች። በየግቢው፣ በየመኪናው፣ ሁለቱም ለክተው የጣሉት የኋላውን ወንበር ነበር። ሌላ ወንበር መኖሩ ለአንዳቸውም ትዝ አላለም።

ይህችኛዋ፣ ብርማዋ፣ ከፍታዋ በልክ የተሰፋላቸው ያህል ነበር። እንዲያም ሆኖ እግራቸው አልገባ አለ። ወሩ ሊያልቅ ነው። ሌላ የሚያዩት ግቢም አልቀራቸውም።

ሻጩ ወዲያና ወዲህ አየ።

«እማማ ለምን ከፊት አይቀመጡም?» አለ። «ከፊት እኮ ሰፊ ነው።»



«ፊት የእሷ ነው» አሉ አማቷ።

«እሷማ ትነዳለች። ሁለት ቦታ ልትይዝ ነው?»

«የእሷ ነው አልኩህ። እኔ የኋላ ሰው ነኝ።»

ሻጩ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ እሷም የመኪናዋን ጎማ ታይ ነበር። እውነት ነው፣ ባሏ በሕይወት ሳለ እሱ ይነዳል፣ እሷ ከጎኑ፣ አማቷ ከኋላ መሐል ላይ ሆነው ክርናቸውን በሁለቱ ወንበሮች ላይ ጥለው፣ ራሳቸውን በሁለቱ መካከል አስግገው ያወሩ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ እሷ ወደ መሪው ተሻገረች። አማቷ ካሉበት አልተነሡም። በፊተኛው ወንበር ላይ የእሷ ቦርሳ ይጓዛል። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ «እመቤትና ሹፌራቸው» ይሏቸዋል። አማቷም ይህን ሲሰሙ «ደሞዟን ጠይቋት፣ ከፍዬ አላውቅም» ብለው ይስቃሉ።

«ለማንኛውም ነድቼ ልያት» አለች እሷ።

አማቷን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ አስቀመጠቻቸው፤ ውኃ አቀበለቻቸው፤ ከሻጩ ጋር ወጣች። በቀጥታ ወደ ሰፈሯ ነዳች። ድንጋያማው መንገድ ሲደርሱ እንደልማዷ ትንፋሿን ያዘች፤ ከሥር የሚመጣውን የመፋቅ ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። ትንሿ መኪና ወዘወዘቻቸው እንጂ ሆዷን ሳታስነካ አለፈች። መሪው ቀላል ነው። ከወንበሩ ከፍታ የተነሣ የአጥሩ ማዶ፣ የጎረቤት የታጠበ ልብስ፣ የራሷ ቤት ጣሪያ ሁሉ ይታያታል። ዳገቱ ላይ ግን መኪናዋ ደከመች። ነዳጅ ስትረግጥላት መፍጠኑን ትታ መጮኹን አበዛችው።

«ነዳጅ ትበላለች?» ብላ ጠየቀች።

«ትልሳለች እንጂ አትበላም፣ በ…» አለና ቀሪውን ዋጠው። «እመኚኝ እህቴ።»

ወደ ኋላ ልትመልሳት ስትል የኋላ መስኮቷ የትኬት መሸጫ ቀዳዳ ያህል ጠበበባት። ወርዳ ዕቃ መያዣውን ከፈተች። የአማቷ የሚታጠፍ መራመጃ በአግድሙ ይገባል፤ ከእሱ ሌላ የሚገባው አንድ የገበያ ዘንቢል ነው፣ እሱም ካልሞላ። ይህን ሁሉ በሐሳቧ በሁለት በኩል ደረደረችው፤ ጥሩው ከመጥፎው ይበልጥ ነበር። ሆኖም ስትመለስ መብራት ላይ ቆማ ዐይኗ በራሱ ጊዜ ወደ ውስጠኛው ስፖኪዮ ሄደ። ባዶ ወንበር አየች። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ «ቀይ ነው ልጄ» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣ ነበር፤ ቆማ እያለችም ቢሆን። እሷም «አየሁት እማዬ» ትል ነበር። አሁን መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፋባት አልተንቀሳቀሰችም።

አማቷ ከጥላው ሥር ሜትራቸውን በጣታቸው ጠቅልለው ይጠብቋት ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። ሻጩ ራቅ ብሎ መኪናዋን ይወለውል ጀመር።

«እህ፣ እንዴት ናት?»

«ከፍ ያለች ናት። ግንቡ ጥግ ያለው ጉድጓድ ገብታ ወጣች፣ አልተሰማኝም።»

«ጉድለቷስ?»

«ዳገት ላይ ታቃስታለች።»

«እኔም አቃስታለሁ። ሌላስ?»

«ዕቃ መያዣዋ ትንሽ ነው። ወደ ኋላ ስትሄድ በደንብ አታሳይም።»

«ዋናውን አልነገርሽኝም።»

«ዋናው ምንድን ነው?»

«እኔ አልገባባትም» አሉ አማቷ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «በቃ ልጄ፣ ደክመሻል። ቅዳሜሽን ሁሉ በላሁት። ልጄ ትምጣና ትውሰደኝ። እዚያ መኪናም አያስፈልግ።»

እሷ ወደ እሳቸው ሳትዞር፣ «እማዬ፣ ለምንድን ነው ከፊት የማይቀመጡት?» አለች።

«ነገርኩት እኮ ያንን ሰውዬ።»

«እሱን ነው የነገሩት። እኔን አልነገሩኝም። መሪው ላይ እኔን ከቅርብ ማየት ከብዶዎት ይመስለኝ ነበር። የእሱ ቦታ ላይ።»

«እሱንማ ከኋላም አየዋለሁ» አሉ አማቷ።

በግቢው በር አንድ መኪና ገባ፤ አቧራው እስኪያርፍ ሁለቱም ጠበቁ።

«የሚስት ወንበር ነው ብዬ ነው» አሉ ቀጥለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ገና ነሽ። ነገ ሰው ይመጣል። አትቆጪ፣ ይምጣም። መሪውን እሱ ሲይዝ አንቺ ወደ ጎኑ ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት እግሯን ዘርግታ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብላ ቢያገኛት? ከተለመደ በኋላ ተነሽ ከመባል መጀመሪያውኑ አለመቀመጥ ይሻላል። ወደ ልጄም የምሄደው ለዚሁ ነው፣ ለጉልበቴ ብቻ እንዳይመስልሽ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ የአማቷን ማዘን ስትጠብቅ፣ እሳቸው የእሷን ነገ ሲጠብቁ መኖራቸው አልታያትም ነበር።  

«አይሂዱብኝ» አለች።

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«የሚመጣ ሰው ካለ» አለች ቀጥላ፣ «ከኋላ ይቀመጣል።»

አማቷ መጀመሪያ አልሳቁም። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ በሌላው ጉልበቷን ያዙ። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ከሩቅ ለሚያይ አይለይም ነበር፤ ሻጩም መወልወሉን አቁሞ ቆመ።

«በይ አንሺኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀስ ብለሽ።»

የፊተኛውን በር ከፈተችላቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ማንም ሳይጎትታቸው፣ ተቀመጡ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ስባ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው፤ አልበቃ አላት፤ ደግማ ገፋችው፣ መንገዱ እስኪያልቅበት። አማቷ መጀመሪያ ደህናውን እግራቸውን አስገቡ። ቀጥለው ቀኙን አነሡ፣ አዞሩ፣ አስገቡ። ምንም አልነካም። እግራቸው ከፊት ለፊታቸው እንደልቡ ተዘረጋ። በመስታወቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ወደ መሪው፤ በእጁ ምን እንደሚያደርግ እንዳላወቀ እንግዳ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡት።

«ከዚህ ሲያዩት መንገዱ ወደ ሰው ነው የሚመጣው» አሉ። «ከኋላ እንደዚህ አያስፈራም።»

«ይለምዱታል።»

«ዳገቱ ላይ ስታቃስት ደግሞ ጆሮዬ ሥር ነው።»

«አብራችሁ ታቃስታላችሁ።»

አማቷ አንገታቸውን አዙረው ከኋላቸው ያለውን አዩ። ወንበራቸው እስከ መጨረሻው ስለ ተገፋ፣ ከጀርባቸው የቀረው ክፍተት ቦርሳ እንኳ በግድ የሚያስገባ ነው።

«እንግዲያው» አሉ፣ ፊታቸው ሳይስቅ፣ «ያ የሚመጣው ሰውዬሽ እግሩ አጭር መሆን አለበት።»

ሻጩ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ቀረበ። የተባለውን አልሰማም፤ ያየው የጠበበውን የኋላ ወንበር ነው። ለገዢ መጥፎ ሆኖ እንዳይታይ ፈራ መሰል፣ ከወንበሩ ሥር ወዳለው ብረት እጁን ዘረጋ።

«ከኋላ ቦታ አልቀረም እህቴ» አለ። «ትንሽ ወደ ፊት ልመልሰው?»

እሷ በሩን ይዛ ቆማ ነበር።

«ተወው» አለችው። «እዚያው ይሁን።»