በውድነህ ዕድሜ

ጀምበሩ አባተ አንድ ቦታ አርፎ ሲቀመጥ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር! ሰርግ ቤት ምግብ ቀርቦለት፣ እጁን ታጥቦ፣ ጉርሻው አፉ ሊገባ ሲል የሞተር ድምፅ ከሰማ አለቀ፤ ጉርሻውን ጥሎ ደጅ ነው። «ኤፍ አሥራ ስድስት ናት! ኧረ ሁለት ናቸው!» እያለ አንገቱን አንጋጦ ሲቀር ሙሽራውም ሙሽሪቱም ይረሳሉ። ሚስቱ የሻሽወርቅ፣ «እኔን ያገባኝ ተሳስቶ ነው፤ በእግሬ ነው የምሄድ» ትላለች።

ሥራው የሃይፋ ወደብ በር ላይ ጥበቃ ነው። ፍቅሩ ግን የጦር አውሮፕላን ፎቶ ማንሳት ነው። ከፈረቃ ወጥቶ እንቅልፉን ሳይጠግብ ካሜራውን አንግቦ ከሃይፋ ወጣ ብሎ ሸለቆው ውስጥ ወዳለው የአየር ኃይል ሰፈር ይሄድና፣ ከአጥሩ ውጭ እንደ እሱ ካበዱት ጋር ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል። የቱ አውሮፕላን በስንት ሰዓት ተነሣ፣ የጭራው ቁጥር ስንት ነው፣ ሁሉን ይጽፋል። ለአንድ የአቪዬሽን መጽሔትም ዘገባ ይልካል። የአብራሪ ፊት ከታየ ራሱ ነው የሚያደበዝዘው፤ የጦሩ ሳንሱር አንዲት ፎቶ መልሶበት አያውቅም። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ያውም ሁሌ ከመሬት ሆኖ። አንድ ቀን እንኳ ከውስጥ አንስቶ አያውቅም፤ ይህ ነገር ያንገበግበዋል።

ልክፍቱ የያዘው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ሱዳን በረሃ ላይ አርፎ እሱንና አባቱን ከብዙ ሰው ጋር አመጣቸው። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እሱ ጣሪያውን፣ ሽቦውን፣ የአብራሪዎቹን ቆብ ሲያይ መጣ። እዚህ አገር በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የአየር ኃይል ሙያ ትምህርት ቤት መግባት ይችላል። እሱ ግን መታወቂያው ላይ ሃያ ዓመት ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ሃያ ዓመት የሞላውን ጎረምሳ ማን ከልጆች ጋር ያስቀምጠዋል? ክርያት አታ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። ጦሩም ሲጠራው «አንተማ አልፎብሃል» ብለው ጥቂት ወር ድንች አስልጠው ሰደዱት። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ዕድሜው ቢሳሳት ብርቅ አይደለም፤ በወረቀት ከሄድን ግማሻችን የተወለድነው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ነው። አባቱ አቶ አባተም ሲጠየቁ «ስንገባ የመዘገበችን ጸሐፊ ናት የተሳሳተች» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 2013 ጸደይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ኦምሪ ደወለ።

«ጀምበሩ፣ ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ» አለ። ውሸቱን ነው፤ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ያለው ቤቱ ሰገነት ላይ ሲንጎራደድ ነበር።

«ከአሮጌዎቹ ቀርናፎች አንዱ ሐሙስ ጡረታ ይወጣል። ለመሰናበቻ ከሸለቆው ተነሥቶ በሃይፋና በክርያት አታ ላይ ይበራል። ለአንድ ፎቶ አንሺ ቦታ አለ፤ አንተን አልኋቸው።»

ቀርናፍ ማለት አውራሪስ ነው፤ ያን ከሱዳን ያመጣውን ዓይነት አውሮፕላን ወታደሮቹ እንዲያ ይሉታል። ጀምበሩ አሁን የምር ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ኦምሪ። «ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው አያሳፍሩም። ወረቀትህ አርባ ዘጠኝ ይላል። አባትህ ጠበቃ ፊት ቀርበው ትክክለኛ ዕድሜህን በቃለ መሐላ ከተናገሩ፣ የአየር ኃይሉ መኮንን እቀበላለሁ ብሏል። እስከ ማክሰኞ ነው። ቤሰደር፣ እሺ?»

«ቤሰደር! ቤሰደር!» አለ ጀምበሩ፤ ስልኩ ሳይዘጋ ጫማውን እያጠለቀ ነበር።

በአውቶቡስ ክርያት አታ አባቱ ቤት ሄደ። አቶ አባተ እስከ መጨረሻው አዳመጡትና፣ «አልሄድም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«አልሄድም አልሁህ። ጸሐፊዋ ለተሳሳተችው እኔ ልማል?»

«አባዬ፣ አንዲት ፊርማ እኮ ናት! ትምህርት ቤቱ ቀረብኝ፤ ዝም አልሁ። ጦሩ ገፋኝ፤ ዝም አልሁ። ይህችንም ልጣት? ምን በደልሁዎ?» ጀምበሩ በአባቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር። የራሱ ድምፅ አስደነገጠው።

ሽማግሌው የነጠላቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ጸሐፊዋ አልተሳሳተችም» አሉ ከነጠላው ውስጥ ሆነው። «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። የውድነህን ነገርኋት።»

ውድነህ የጀምበሩ ታላቅ ወንድም ነው፤ በአምስት ዓመት ይበልጠዋል። ሱዳን መጠለያ ውስጥ በወባ ሞተ። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ሳይለቀስለት፣ ዋይ የሚልለት ሳይኖር ተደብቆ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ እቤታቸው ተነሥቶ አያውቅም።

«መንገዱን ሙሉ ‹ኢየሩሳሌም እገባለሁ› ሲል ነበር» አሉ። «እሱን አፈር አልብሼው መጣሁ። ዕድሜው እንኳ ይግባ ብዬ ነው ልጄ። አሁን ማልና ሰርዘው ስትለኝ ሁለተኛ ልቅበረው?»

ጀምበሩ ተናደደ፤ በሞተ ሰው ዕድሜ ነው እንዴ የኖርሁት አለ በሆዱ። መናደዱም አሳፈረው። የአባቱን ጉልበት ሳይስም ወጣ። ሰኞን ወደቡ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ዋለ፤ ሾፌሮቹ «ዛሬ ምን ሆነሃል?» እያሉት ያልፋሉ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አቶ አባተ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ብቻቸውን ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው መጥተዋል። «ተነሥ» አሉት፤ «ጠበቃ ዘንድ ውሰደኝ። ለሞተው ልጄ ዕድሜ ሰጠሁት፤ በሕይወት ላለው ልጄ ምን ሰጠሁት?»

ጠበቃዋ ይፋት የምትባል ወጣት ናት። «ስንት ልጆች ወለዱ?» ብላ ጠየቀች፤ ጀምበሩ አስተረጎመ።

«ሁለት» አሉ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አንድ» ሲሉ ነው የኖሩት። የውድነህን ስም፣ የተወለደበትን፣ የሞተበትን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ይፋት ጻፈች። አባቱ ፈረሙ፤ ወረቀቱን ለኦምሪ ላከ። ወዲያው «አለቀ! ሐሙስ ረፋድ በመኪና መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚል መልስ መጣ፤ ጀምበሩም እንደ ሕፃን ዘለለ።

አቶ አባተ ግን የሕንፃው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲህ ተናገርሁ። የተነገረ ሞት ይለቀሳል፤ ዛሬ ሐዘን እቀመጣለሁ» አሉ።

ወይ ጣጣ! የሐዘኑ ሰባት ቀን ከማክሰኞ ሲቆጠር ሐሙስ መሐል ላይ ይወድቃል። ሐዘንተኛ ደግሞ ከቤት አይወጣም፤ ወንድም ማለት ዋና ሐዘንተኛ ነው። ጀምበሩ ለሰፈሩ ራቢ ደወለ፤ «የቆየ መርዶ ከሆነ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል» አሉት። ደስ አለው። የእኛው ቄስ ግን ሲሰሙ፣ «ላልተለቀሰለት ልጅ ሰባትም ሲያንሰው ነው» አሉ። ጀምበሩ የራቢውን ያዘ። ማክሰኞና ረቡዕ አባቱ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ከተባለ፣ እሾህ ላይ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ የኦምሪ መኪና ከአባቱ ቤት ታች ሆኖ ጡሩንባውን ነፋ። አቶ አባተ ቀና ብለው፣ «ሂድ፤ ለዚሁ አይደል የተናገርሁት? መርቄሃለሁ» አሉት። ቦርሳውን አንግቦ በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ከአንድ ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ጋር ተፋጠጠ። ከፊት ያሉት እማማ አስካለች ናቸው፤ ውድነህን ሱዳን ላይ አጥበው የገነዙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ ውድነህ!» ብለው ገቡ፤ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ፎቶው የታለ? ምኑን እያየን እናልቅስ?»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው! ሠላሳ ሺህ የአውሮፕላን ፎቶ ያለው ሰው የወንድሙ አንዲት ፎቶ የለችውም። ሊያስታውሰው ሞከረ፤ ፊቱ እንኳ አልመጣለትም።

«ፎቶ የለውም» አሉ አቶ አባተ። በዱላቸው ጀምበሩን አመለከቱ። «መልኩ የዚህ ነበር። ቁርጥ እሱን።»

እማማ አስካለች ቀርበው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አዩት፤ አዩትና «ውድዬ!» ብለው ጮኹ። ቤቱ በልቅሶ ተናጋ። ጀምበሩ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ በሩ ሥር አስቀመጠ። ጡሩንባው ደጋግሞ ተነፋ፤ ስልኩም ጮኸ። ስልኩን አጠፋውና ፎቶ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ከአባቱ ጎን ሄዶ ቆመ።

አንዱ ወጥቶ ሌላው በገባ ቁጥር እንዲሁ ተነሥቶ ይቆማል። ቀትር ሲሆን ደግሞ ከአፉላ የመጡ ለቀስተኞች ገቡ፤ ሙሾው እንደ አዲስ ተነሣ። ያን ጊዜ ከባሕሩ በኩል የቀርናፉ የአራት ሞተር ጉርምርምታ መጣ፤ እየቀረበ፣ ዝቅ እያለ፣ የመስኮቱን መስተዋት አንቀጠቀጠው። የሻሽወርቅ ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን አየችው፤ በሩም ክፍት ነበር። ድምፁ በጣሪያው ላይ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ጀምበሩ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፤ ሰዉም እሱን እያየ ወንድሙን ያለቅስ ነበር።