የሕዝቅያስ ጨጓራ

ባለቤቴ ሕዝቅያስ ጨጓራ እንዳለበት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሠርግም ሆነ ክርስትና ስንጠራ፣ ወጡ ገና ሳይቀርብ እጁን ሆዱ ላይ ያደርግና፣ «የእኔ ነገር፣ ቅቤና ሥጋ አይስማማኝም። እሷም ለብቻው አይብላ ብላ አብራኝ ትጾማለች» ይላል። ሴቶቹ ለእሱ ያዝናሉ፤ እኔን ያመሰግኑኛል።

ጨጓራው ጤነኛ ነበር። የታመምኩት እኔ ነኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባዮሎጂ ሳስተምር ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ቀኝ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ማልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ መሆኑ ተነገረን፤ ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘች። ቫይታሚን ዲ አንሶብኝ ስለነበር እሱንም ጨመረችልኝ። ሕዝቅያስ ስለ ምግብ ሲጠይቃት፣ «ቅቤና የሰባ ሥጋ ቀንሱ፣ ዓሣና አትክልት አብዙ። ሊረዳ ይችላል፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም» አለችው።

እሱ የግብርና ባለሙያ ነበርና ነገሩን እንደ ቡና ችግኝ ያዘው። ጓሯችንን ጎመን ሞላው፤ ተልባ ቆልቶ ይወቅጣል፤ ለሥራ ቴፒ በሄደ ቁጥር ከጋምቤላ የመጣ ዓሣ ፈልጎ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ለሰው እንዳይናገር። በሽተኛዋ መምህርት መባል አልፈለግሁም። ጨጓራውን የፈጠረው ያን ጊዜ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደስ ይለኝ ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን አገሩ ሁሉ እንደ እኔ ይበላል። ፋሲካ ሲደርስ ሌላው ይፈታል፣ እኛ ሁለታችን እንቀራለን።

አምና ሐምሌ ላይ ከቴፒ ሲመለስ መኪናው በዝናብ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ከኋላ ወንበር ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ነበር አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ። የትምህርት ቤት ባልደረባዬ ራሔል ሳትቀር፣ «ፋና፣ ከእንግዲህ ለማን ብለሽ ነው?» ስትል ሰሐኗን ወደ እኔ ትገፋለች። «ለምዶብኝ ነው» እላለሁ።

ለሙት ዓመቱ ታላቅ እኅቱ እትዬ ተሾመች ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ከጌጫ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ስታበስል ቆየች። እሑድ ጠዋት፣ እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሳይደርሱ፣ ማድ ቤት ጠራችኝና ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች።

«ቅመሺ። አስቀድሞ የሚቀምሰው የቤቱ ሰው ነው። ነፍስ ይማር በይ።»

«ጎመኑን እበላለሁ፣ እትዬ።»

«ጎመን! ለሙት ዓመቱም ጎመን?» እጇን አልመለሰችም። «ወንድሜ እኔ ቤት ሲመጣ ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ?»

«ምን ይበላል?»

«ቆጮ በቅቤ! ሰሐኑን በጣቱ ይጠርገው ነበር እኮ። ‹ጨጓራህስ?› ስለው፣ ‹ጌጫ ስደርስ ይሻለዋል› ይለኛል።»

አላውቅም ነበር። ተደብቆ ይበላ ኖሯል። ደስም አለኝ፤ ሌላም ነገር ተሰማኝ።

«ለጨጓራው ለጊዮርጊስ ተሳልኩ» አለች። «ቆጮውን ሲበላ ባይ ጊዜ ዳነልኝ ብዬ ጃንጥላውን አስገባሁ። ከዚያ እዚህ ብመጣ ያው ጎመን! ምን ልበል? አንቺ ነሻ የምትከለክይው! ለቁጠባ ይሁን ለክፋት እግዜር ይወቅ።»

አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ስስታም ሚስት ሆኜ እቀራለሁ፣ ምስጢሬም ከእኔ ጋር ይቀራል። ግን ከመጋቢት ወዲህ ግራ እግሬም እየከዳኝ ነው። ነገ ብወድቅ፣ አንስተው ለሚወስዱኝ ሰዎች ምን እንዳመመኝ የሚነግራቸው የለም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር።

መኝታ ቤት ገብቼ የቫይታሚኑን ብልቃጥና የሐኪሟን ወረቀት አመጣሁ። ቅቤው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«ጨጓራ አልነበረበትም፣ እትዬ። ታማሚዋ እኔ ነኝ።»

በአጭሩ ነገርኳት። ጉርሻው እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ጨጓራውን የፈጠረው እሱ ነው።»

«ለእኔም ዋሸኝ?»

«እኔ ስለለመንኩት ነው።»

«ጃንጥላ እኮ ነው ያስገባሁት!» አለች። ሳቅ ጀምሯት ነበር፤ መሃል ላይ ወደ ግድግዳው ዞረች።  ከወንድሟ የቀራት ‹እኔን አይዋሸኝም› የሚለው እምነቷ ነበር፤ እሱንም ወሰድኩባት።

በሩ ተንኳኳ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ ጉርሻውን ራሷ በላችውና «ነፍስ ይማር» አለች።

እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ራሔል እንደ ልማዷ ሰሐኗን ወደ እኔ ገፋች። «ዛሬስ፣ ፋና? ስለ ነፍሱ!»

«ተያት» አለች እትዬ ተሾመች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ እሱ። «ጨጓራ ነው። ከባሏ የወረሰችው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ተነሥቼ ውኃ ለማምጣት ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። የተረፈውን ቅቤ ይዛው ተመለሰች፤ ስለ ሕመሜ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ጌጫ ስትደርስ ግን ደወለች።

«እግርሽ እንዴት ነው?»

ከሕዝቅያስ በኋላ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ደህና ነው» አልኳት። 

ስልኩን ዘግቼ ክኒኔን ዋጥኩና ጓሮ ወጣሁ። ጎመኑን ዛሬም ለሁለት ሰው ቀንጥሼ ኖሯል። ግማሹን ራት አድርጌ በላሁ፣ ግማሹን ለነገ ከደንኩት።