የያይ ቡንማ ራስ

ዜያ ከበርማ ተነሥቶ ማሃቻይ የዓሣ ወደብ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ታይኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ የሽሪምፕ ነጋዴዎቹ ሲከራከራቸው ባዕድ መሆኑን እንኳ ይረሱታል። የአገሩን ሽርጥ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከከተተው ቆይቷል። ሲስቅም ሲቆጣም እንደ አገሬው ነው።

እናቱ ዶ ኪን ዩ ግን ወይ ፍንክች! እዚያው ወደብ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሽሪምፕ ስትልጥ፣ ሽርጧን አገልድማ፣ እንደ አገሯ ሴቶች ጉንጮቿን በተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ቀብታ፣ ከአፏ አንዲት የታይኛ ቃል ሳይወጣ ነው የኖረችው። የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁማለች፤ ዋጋው ካልጣማት ፊቷን ታዞራለች። በቃ።

"አሜ፣ የሰው አገር ነው እኮ። ምናለ ሰላምታውን እንኳ ብትማሪ?" ይላታል ልጇ፤ "አሜ" በበርምኛ እማዬ ማለት ነው።

"አንተ ተምረህልኝ የለ? ለአንድ ቤት አንድ በቀቀን ይበቃል።"

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። ዜያ ዋሪ የምትባል የበረዶ ፋብሪካ ሠራተኛ ወዶ ሊያገባት ይፈልጋል። ዋሪን ያሳደጓት አያቷ ያይ ቡንማ ናቸው፤ በዚያ ቤት ያለ እሳቸው ቃል ድመት እንኳ አትወልድም። ዓመት ሙሉ እሺም እምቢም ሳይሉ ቆይተው፣ የታዮቹ አዲስ ዓመት ሶንክራን ሲቃረብ ላኩበት፤ "ለአዲስ ዓመት ይምጣና እጄ ላይ ውሃ ያፍስስ። እናቱንም ያምጣት። አይቼው እነግራችኋለሁ።"

ዋሪ ሳምንት ሙሉ አሠለጠነችው። ተንበርክኮ፣ ጃስሚን አበባ የተነከረበትን ውሃ በብር ሳህን ቀድቶ፣ የአሮጊቷ መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ። ከዚያ አንገት ደፍቶ ምርቃት መቀበል።

"ራሷን ግን!" አለች ጣቷን ቀስራ። "እንዳትነካ! አጎቴ ሶምፖት አንዴ ከመደርደሪያ ዕቃ ሊያወርድ እጁን ከራሷ በላይ ቢያሳልፍ፣ ሦስት ቀን አላናገረችውም።"

"እኛም አገር ራስ ክቡር ነው።"

"ታዲያ ምን አስፈራህ?"

በእነሱ አገር ራስ ክቡር ስለሆነ፣ በአዲስ ዓመት ወጣቱ የሽማግሌዎቹን ራስ ያጥባል። ይህን ለዋሪ መንገር አፈረ።

በዋዜማው እናቱ ለራስ ማጠቢያ የሚሆን ቅርፊትና የግራር ፍሬ ስትቀቅል ዋለች። "መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ? ሽማግሌ ነው የምታከብሩት ወይስ ችግኝ ነው የምታጠጡት?"

"አሜ፣ በሞቴ፣ ማሰሮውን እዚሁ ተይው።"

አልተወችውም።

በነጋታው ያይ ቡንማ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወንበራቸው ላይ ተሰይመዋል። መንገዱ ላይ ከበሮ ይመታል፤ ጎረቤት እንደ በዓሉ ወግ በባልዲ ውሃ ይራጫል። ልጅና የልጅ ልጅ በተራ እየተንበረከከ መዳፋቸው ላይ አፍስሶ፣ ተመርቆ ይነሣል። የዜያ ተራ ደረሰ።

ተንበረከከና ቀና ብሎ አያቸው። ነጭ ፀጉራቸው በላብ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ከኋላው የእናቱ ማሰሮ ሽታ መጣበት። ልጅ እያለ ጉድጓዱ ዳር ራሷን ያጥባት የነበረችው አያቱ ትዝ አለችው፤ ስትሞት አልነበረም። ሳህኑን አነሣ። እጁ ወዴት እንደሄደ እሱም አላወቀ።

ውሃው በሙሉ በያይ ቡንማ አናት ላይ ተንቆረቆረ። ግራ እጁ ፀጉራቸውን ማሸት ጀምሯል።

አጎት ሶምፖት ብድግ አለ። ዋሪ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። የአሮጊቷ ቅንድብ ላይ አንዲት ጃስሚን ተጣብቃ ቀረች። ዜያ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ታይኛ ጥሎት ጠፍቷል።

ፊቷ የበራው ዶ ኪን ዩ ብቻ ናት። "ጎሽ የኔ ልጅ!" ብላ በበርምኛ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች፤ ልጇን በክርኗ ገፋ አድርጋ የቅርፊቱን ውሃ ታፈሰው ጀመር። አረፋው ተነሣ። በሽሪምፕ ልጣጭ የጠነከሩት አሥር ጣቶች ከጆሮ ኋላ እስከ አናት ወጡ፣ ወረዱ።

ያይ ቡንማ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ዓይናቸውም ተከደነ።

"ውሃው በረደብዎት እንዴ፣ እማማ?" አለች ዶ ኪን ዩ። በታይኛ። ጥርት ባለ ታይኛ።

"አሜ! ትችያለሽ?" ጮኸ ዜያ።

"አሥራ አንድ ዓመት ጆሮዬን ሰፍቼ የኖርኩ መስሎህ ነው?"

"ታዲያ ለምን አትናገሪም?"

"እኔም እንዳንተ ከሆንኩ፣ ቤት ውስጥ በአያትህ ቋንቋ ማን ሊያናግርህ ነው?"

"ዝም በሉ እናንተ!" አሉ ያይ ቡንማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ከጆሮዬ ኋላ… ከፍ በይ… እሰይ! ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ እከኩ ሲፈጀኝ ይሄ ሁሉ የልጅ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ጨዋ ናቸዋ! በጨዋነት ሊገድሉኝ ነበር።"

"እማዬ፣ ራስሽን የነካው ባዕድ እኮ ነው" አለ አጎት ሶምፖት። "ሰው ምን ይላል?"

ያይ ቡንማ ከአረፋው ውስጥ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ይህን አላሰቡበትም ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሦስት ጎረቤቶች ውሃ እንዳንጠባጠቡ አንገታቸውን አስግገዋል። አሮጊቷ እነሱን አዩ፣ ዜያን አዩ፣ ዓይኗን የሸፈነችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ።

"እውነት ብለሃል" አሉ፣ ማዶ እንዲሰማ ጮክ ብለው። "የእኔን ራስ ባዕድ ነክቶት አያውቅም። ስለዚህ ይሄ ልጅ ባዕድ ሊሆን አይችልም። ዋሪ፣ የሠርጉን ቀን ቁረጡ!"

ዋሪ በጣቶቿ መካከል አጮልቃ አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ዜያ መሬት ላይ ድፍት አለ። ያይ ቡንማ እርጥብ እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው ሲመርቁት፣ አረፋው በአንገቱ እየወረደ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ባልዲያቸውን ይዘው መጡና አያትም ሙሽራም ሳይለዩ ሁሉን አጠቡት።

ዶ ኪን ዩ ማሰሮዋን አዘንብላ አየች። ግማሽ ይቀረዋል። ዓይኗ አጎት ሶምፖት ሽበት ላይ አረፈ።

"እርስዎስ?"

አጎት ሶምፖት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግራና ቀኝ አየ። ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

"ዓይን ያቃጥላል?" አለና ተንበረከከ።