በግራ እጇ የምትጽፈው ልጅ

የመሠረተ ትምህርት መማሪያው ከማባዣው ሲወጣ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ጓድ ሣህሌ» ይላል። ባለቤቴ ተገኝ ገዘር በምትባል ትንሽ ከተማ ሲያስተምር ሁለት ክረምት የደከመበት መጽሐፍ ነው፤ ጽሑፉም ሥዕሉም የእሱ። በወባ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። እኔ ጂንካ በዚያው የዘመቻ ቢሮ ለማባዣው የሚሆነውን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስል፣ እጽፍ ነበር። የውስጡን ገጾች የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሽፋኑን የሥራ ጓደኛዬ ብዙወርቅ።

ተገኝ መጽሐፉን በእጁ የጻፈበትንና የሳለበትን ደብተር ይዤ የቢሮው ኃላፊ ሣህሌ ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ ሣህሌ፣ የተገኝ ስም ቀርቷል።»

«አልቀረም። አልተጻፈም።»

ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማርሁት ሁለት ዓመት ነው፤ ይህን ግን አልረሳሁም። «በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ድርሰት የፈጠረው ሰው ንብረት ነው።»

«ማን ፈጠረው? ማሽኑ የመንግሥት፣ ወረቀቱ የመንግሥት፣ ቀለሙ የመንግሥት። ተገኝ ራሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ።»

«ማሽን አይስልም።»

«እኔ ያየሁት ማሽኑ ሲያወጣው ነው።» በሩ ላይ የቆሙት የቢሮው ሠራተኞች ሳቁ። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገው። «ይህንን ማንም ይገለብጠዋል። ሌላ ማስረጃ አለሽ?»

ለማንም ያልነገርሁትን ነገርሁት።

«ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የምትጽፈው ልጅ ልጃችን ሣራ ናት። በኩፍኝ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ተገኝ የሳላት ከቀበርናት በኋላ ነው። እርሳሱን በግራ እጇ ይዛለች፤ ግራኝ ነበረች። እርስዎ ቢስሏት ኖሮ በቀኝ ያስይዟት ነበር።»

ሣህሌ መጽሐፉን አቅርቦ የልጅቷን እጅ አየ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ይህን ሁሉ ሰው አልፎ ስህተቱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ገበሬው ገና እርሳስ ሲጨብጥ በግራ ይጀምር? ነገ አዲስ ስቴንስል አውጪ። በቀኝ ትያዝ።»

«ባልሠራውስ?»

«ብዙወርቅ ትሠራዋለች። ፊቷንም እንደ አዲስ ትስልልናለች።»

የብዙወርቅን ሥዕል አውቀዋለሁ፤ በሬዋ ከፍየል አይለይም።

ገጽ አሥራ ሁለትን ከደብተሩ ቀዶ ሰጠኝ። የቀረውን «ለመዝገብ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

በማግሥቱ ወረቀቱን በጀርባው ገልብጬ ሥዕል በምንገለብጥበት መስተዋት ላይ አነጠፍሁና ስቴንስሉን ደረብሁበት። ከሥር ብርሃን ሲበራ ሥዕሉ በጀርባ በኩል ይታያል። በብረት መጫሪያው መስመሩን ተከተልሁ። አንድም አልጨመርሁ፣ አንድም አልቀነስሁ። እርሳሱ ቀኝ እጇ ገባ። የግራ ጉንጯ ጠባሳ ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ግራ ታይ የነበረችው ልጅ አሁን ወደ ቀኝ ታያለች።

ብዙወርቅ በትከሻዬ በኩል አየችና «እሰይ፣ አሁን ሰው መሰለች» አለች።

የተቀደደውን ገጽ ሣህሌ መልሺ አለኝ። መለስሁ።

መጻሕፍቱ ወደ አልዱባ፣ ካኮና ገዘር በተጫኑበት ዕለት አንዱን ፈርሞ በሰው ፊት ሰጠኝ፦ «ስህተቴን ላረመችልኝ ለጓድ አረጋሽ። ከደራሲው።»